ጎብኚው ሲጎበኝ

እ.ኤ.አ. በጁን 24 ቀን 1922 ጠዋት የጀርመኑ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዋልተር ራተናው ክፍት መኪና ውስጥ ተቀምጠው ከቤታቸው ወደ መሥሪያ ቤታቸው ሲሄዱ፣ በሌላ መኪና የተከተሏቸው ወጣቶች በጥይት ደብድበው፣ ቦምብ ጨምረውባቸው ገደሏቸው። ራተናው አይሁዳዊ ነበሩ፤ የአልበርት አይንስታይን ወዳጅም ነበሩ። ደማቸው ሳይደርቅ ነበር ቀጣዩ እሱ ሊሆን እንደሚችል የሚያስጠነቅቁ ሰዎች ወደ አይንስታይን መምጣት የጀመሩት።

የፊዚክስ ሊቁ ማስጠንቀቂያውን እንደ ተራ ወሬ አልቆጠረውም። በርሊን ውስጥ በአደባባይ መታየት ቀነሰ፣ የያዛቸውን ንግግሮች ሰረዘ። ከተሰረዙት ትልቁ የላይፕሲኩ ጉባኤ ነበር። የጀርመን የተፈጥሮ ሳይንስ ተመራማሪዎችና ሐኪሞች ማኅበር በሴፕቴምበር ወር መቶኛ ዓመቱን ሊያከብር አይንስታይንን ለዋና ተናጋሪነት ቢጋብዝም፣ እሱ በጁላይ መጀመሪያ ለፊዚክስ ባልደረባው ለማክስ ፕላንክ ደብዳቤ ጽፎ እንደማይገኝ አሳወቀ። በምትኩ ሌላው የፊዚክስ ሊቅ ማክስ ፎን ላውዌ ተናገረ። በዓለም ላይ ስሙ ከሁሉ የገነነው ሳይንቲስት በገዛ አገሩ ጉባኤ ላይ መቆም ፈርቶ ቀረ ማለት ነው።

ከጀርመን የሚወጣበት ቀዳዳ ግን አስቀድሞ ተከፍቶለት ነበር። ቶኪዮ ውስጥ «ካይዞ» የሚባል መጽሔት የሚያወጣ ካይዞሻ የተሰኘ አሳታሚ ድርጅት ነበር። ባለቤቱ ሳነሂኮ ያማሞቶ ታላላቅ ሰዎችን ከምዕራብ እየጋበዘ አንባቢውን ማስደነቅ የሚወድ ነጋዴ ነበር። ፈላስፋው በርትራንድ ራስል በ1921 ጃፓን በመጣ ጊዜ ያማሞቶ በሕይወት ካሉት ሰዎች ታላቆቹ እነማን እንደሆኑ ቢጠይቀው፣ ራስል አይንስታይንንና ሌኒንን ጠራለት ይባላል። ሌኒን በዚያን ጊዜ ከአገሩ የሚወጣ ሰው አልነበረም። ያማሞቶ አይንስታይንን ለማምጣት 2,000 ፓውንድ ቆረጠ። የጀርመን ማርክ በየሳምንቱ በሚረክስበት በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ገንዘብ እንዲህ በቀላሉ እምቢ የሚባል አልነበረም። ስለዚህ የጉዞው መነሻ ሦስት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ የእውቀት ጉጉት፣ ገንዘብና የነፍስ ፍርሃት። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን አጉልተው ሁለቱን ያሳንሳሉ።

ከጎኑ የምትጓዘው ኤልሳ ናት። ኤልሳ በእናቱ በኩል የአክስቱ ልጅ፣ በአባቱም በኩል የሥጋ ዘመዱ ስትሆን፣ በ1919 ከመጀመሪያ ሚስቱ ከሚሌቫ ማሪች በተፋታ በወራት ውስጥ ተጋብተዋል። በዚህ ጉዞ ጊዜ እሷ 46፣ እሱ 43 ዓመታቸው ነው። በ1921 አብራው አሜሪካ ደርሳ ስለተመለሰች የሕዝብ ግርግር እንግዳዋ አይደለም። የባሏን ልብስ የምታዘጋጅ፣ ምግቡን የምትቆጣጠር፣ የጠያቂውን ወረፋ የምታስተካክል እሷ ነበረች። የጉዞው ማስታወሻ ደብተር ግን የእሱ በመሆኑ ኤልሳ እዚያ ውስጥ ብቅ የምትለው አንዳንዴ ብቻ፣ እሱም በአንዲት ዐረፍተ ነገር ጥግ ነው። አንባቢ ይህንን ልብ ሊለው ይገባል፤ ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ይህን ጉዞ የምናየው በአንድ ሰው ዓይን ነው።

ባልና ሚስቱ ማርሴይ ወደብ ላይ «ኪታኖ ማሩ» በተባለች የጃፓን መርከብ ተሳፍረው ኦክቶበር 8 ቀን ተነሡ። በሜዲትራኒያን፣ በስዊዝ ቦይ፣ በቀይ ባሕር አድርጎ ወደ ህንድ ውቅያኖስ የሚወጣው ይህ መስመር ለእኛም አያቶች ባዳ አይደለም፤ በባቡር ጅቡቲ የወረደ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ አውሮፓ የሚደርሰው በእሱ ነበር። አይንስታይን በመርከቡ ላይ ያነብባል፣ ያሰላል፣ ሙቀቱን ያማርራል። በመካከሉ ሆዱን ታመመ፤ ክፉ በሽታ ነው ብሎም ፈራ። ደግነቱ ከተሳፋሪዎቹ መካከል ሐያሪ ሚያኬ የተባለ የፉኩኦካ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ነበረና መርምሮ አስታመመው፣ ፍርሃቱንም አቀለለለት። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ በኋላ ወዳጆች ሆኑ። ሚያኬና ባለቤቱ በ1945 የአሜሪካ አውሮፕላኖች ኦካያማን ሲደበድቡ ሲሞቱ ለመቃብራቸው የሚሆነውን ጽሑፍ የጻፈው አይንስታይን ነው።

ኦክቶበር 28 ቀን የሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) ወደብ ኮሎምቦ ደረሱ። እዚያ ባልና ሚስቱ ሰው የሚጎትተው ሪክሾ ላይ ተቀመጡ፤ አይንስታይን ሰውን እንደ ከብት አስጠምዶ መጓዙ እንዳሳፈረው ጻፈ፤ ጽፎም መጓዙን ቀጠለ። እዚያና ከዚያ በኋላ የተጻፉት ገጾች ደግሞ ሌላ ጉድ ይዘዋል። በየወደቡ ያያቸውን የሲሎንና የቻይና ድሆች የገለጸበት ቋንቋ ንቀት የተሞላበት ነው። ማስታወሻው በ2018 በእንግሊዝኛ ታትሞ ሲወጣ፣ ዘረኝነትን በአደባባይ ሲያወግዝ የኖረውን ሰው የሚያውቁ አንባቢዎች ደነገጡ። እንዲህ ያለውን ገጽ በዘመኑ ማሳበብ ቀላል ነው፤ ነገር ግን በዚያው ዘመን፣ በዚያው መርከብ መስመር ተጉዘው እንዲያ ያልጻፉም ሞልተዋል።

ሲንጋፖር ላይ ኖቬምበር 2 ቀን የጠበቃቸው ሥራ ነበር። ኢየሩሳሌም ውስጥ ሊከፈት ለታሰበው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ገንዘብ እንዲለምን የጽዮናውያን መሪው ሃይም ቫይዝማን አደራ ብሎታል። ተለማኙ ማናሴ ሜየር የተባለ በንግድና በቤት ኪራይ የከበረ አዛውንት ነው። አይንስታይን ግብዣ በላ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ለመነ። ከዚያ ሆንግ ኮንግ፤ ከሆንግ ኮንግ ሻንግሃይ።

በዚህ መሐል ስቶክሆልም ላይ አንድ ነገር ተወሰነ። የስዊድን ሳይንስ አካዳሚ ኖቬምበር 9 ቀን ተሰብስቦ ሳይሰጥ የቆየውን የ1921 የፊዚክስ ኖቤል ለአይንስታይን፣ የ1922ቱን ለኒልስ ቦር ሰጠ። ነገሩ ፈጽሞ ድንገተኛ አልነበረም። በሴፕቴምበር ወር ስዊድናዊው ሳይንቲስት ስቫንቴ አሬኒየስ በዲሴምበር ስቶክሆልም መገኘቱ ሳያስፈልግ እንደማይቀር ጠቆም አድርጎት ነበር፤ እሱ ግን ለጃፓኖች ቃል ገብቻለሁ ብሎ መንገዱን አልቀየረም። የሽልማቱ ምክንያት ስሙ የገነነበት የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ አልነበረም። ለንድፈ ፊዚክስ ያበረከተው አገልግሎት፣ በተለይም ብርሃን ከብረት ላይ ኤሌክትሮን የሚያስፈነጥርበትን ሕግ ማግኘቱ ተጠቀሰ። ዜናው የደረሰው ሻንግሃይ ላይ ሳለ እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። የሚገርመው ግን ማስታወሻ ደብተሩ ነው፤ ስለ ምግቡ፣ ስለ ጠረኑ፣ ስለ ቤቱ አሠራር ዝርዝር የሚጽፈው ሰው ስለ ኖቤል አንዲት ቃል አልጻፈም። በሻንግሃይ ያን ቀን ባልና ሚስቱ በቻይና ምግብ ቤት ተጋብዘው፣ ማታ የሠዓሊው ዋንግ ዪቲንግን ቤትና ሥዕሎቹን ጎበኙ።

ኖቬምበር 17 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 8 ቀን 1915፣ «ኪታኖ ማሩ» ኮቤ ወደብ ገባች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የጉዞው መልክ ተገለበጠ። ሊጎበኙ የመጡት ሁለት ሰዎች ራሳቸው የሚጎበኙ ሆኑ። በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ በባቡር ተጉዘው ማታ ቶኪዮ ሲደርሱ ጣቢያው በሰው ተጨናንቆ፣ የካሜራው ብልጭታ ዓይን አላስገልጥ ብሎ፣ ከባቡሩ እስከ መኪናው ያለችውን አጭር መንገድ ለማለፍ ጭንቅ ሆነባቸው። ያረፉበት ኢምፔሪያል ሆቴል አሜሪካዊው ፍራንክ ሎይድ ራይት የነደፈው አዲስ ሕንጻ ሲሆን ገና ግንባታው አላለቀም ነበር። አንድ ሌሊት ሕዝብ ከሆቴሉ ሥር ተሰብስቦ አድሮ፣ ንጋት ላይ አይንስታይን ሰገነት ላይ ወጥቶ እጁን ሲያወዛውዝ ለኤልሳ እንዲህ ያለ አቀባበል ለማንም ሕያው ሰው እንደማይገባ፣ ሁለቱም አጭበርባሪ ተብለው እስር ቤት እንዳይገቡ እንደሚፈራ ነግሯት ነበር ይባላል። ቀልዱ የእሱ ነው፤ ለሚስቱ የተነገረ መሆኑም ይመስላል።

ለማረፍ ጊዜ አልተሰጣቸውም። ኖቬምበር 19 ቀን በኬዮ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የሕዝብ ንግግር ተደረገ። የመግቢያው ዋጋ 3 የን ቢሆንም ከ2,000 በላይ ሰው አዳራሹን ሞላው። አይንስታይን በጀርመንኛ ጥቂት ይናገራል፤ ከጎኑ የቆመው ጁን ኢሺዋራ ወደ ጃፓንኛ ይመልሳል። ኢሺዋራ ራሱ የአንጻራዊነት ሊቅ ነው፤ በወጣትነቱ ዙሪክ ሄዶ አይንስታይን ዘንድ ተምሯል። በኋላ ግን ሚስቱን ትቶ አሳኦ ሐራ ከተባለች ባለቅኔ ጋር በፍቅር በመውደቁ የተነሣ ወሬ አገር ስላዳረሰ የቶሆኩ ዩኒቨርሲቲን ወንበር ለቆ ነበር። ለጃፓን ሕዝብ አንጻራዊነትን ያስረዳው አንደበት እንግዲህ የእሱ ነው። ንግግሩና ትርጉሙ በመካከል ከተሰጠው እረፍት ጋር ስድስት ሰዓት ያህል ፈጀ። ከሰዓት በኋላ የተቀመጠው ሕዝብ ማታ ነው የተነሣው፤ ያውም ብዙው ሰው ሒሳቡን ሳይረዳ። ፊሊፕ ፍራንክ የተባለው የአይንስታይን ወዳጅና የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊ የሚያወራው አንድ ወግ አለ። አይንስታይን ለሰዎቹ አዝኖ ቀጣዩን ንግግር ቢያሳጥር አስተናጋጆቹ ቅር አላቸው፤ ለመጀመሪያዎቹ ያን ያህል ሰጥቶ ለእኛ ለምን ቀነሰብን ማለታቸው ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ የቤተ መንግሥት ጥሪ መጣ። በየዓመቱ በመጸው ወቅት ክሪዛንተመም የሚባለው የንጉሣዊው ቤተሰብ ምልክት የሆነ አበባ ሲያብብ በአካሳካ ቤተ መንግሥት የአትክልት ቦታ ታላቅ ግብዣ ይደረግ ነበር። ለግብዣው ረጅም የክብር ኮትና ረጅም ባርኔጣ ግዴታ ነበር። አይንስታይን ሁለቱንም ስላልያዘ ተፈላልጎ ተዋሱለት። ኮቱ እንደ ምንም ገባ፤ ባርኔጣው ግን ለዚያ ጸጉር ጠባብ ሆኖ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ በእጁ ይዞት ዞረ። እቴጌይቱ ሰላምታ ሰጡት። ዲፕሎማቱ፣ ጄኔራሉ፣ ሚኒስትሩ ሁሉ አበባውን ትቶ እሱን ሲያይ ዋለ።

የጉዞው ምሁራዊ እምብርት ከኖቬምበር 25 እስከ ዲሴምበር 1 በቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ የተካሄደው ጉባኤ ነበር። ስድስት ተከታታይ ትምህርቶች ለፊዚክስና ለሒሳብ ባለሙያዎች ብቻ ተሰጡ። የጃፓን ፊዚክስ አባት የሚባሉት ሐንታሮ ናጋኦካን የመሰሉ አንጋፋዎችም፣ ትናንት የተመረቁ ረዳቶችም ተገኝተዋል። እዚህ ጭብጨባና ብልጭታ የለም፤ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ነው። ከልዩ አንጻራዊነት ተነሥቶ የንድፈ ሐሳቡ መሣሪያ ወደሆነው ቴንሶር ሒሳብ፣ ከዚያ ወደ ስበት፣ በመጨረሻም ስለ ጠቅላላው ጠፈር ቅርጽ ሄደ። ጃፓኖቹ ጥያቄያቸውን አዘጋጅተው የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ካይዞሻም የአይንስታይንን ሥራዎች በጃፓንኛ ሰብስቦ በማሳተም ላይ ነበር። በሌላ ቋንቋ እንዲህ ያለ ስብስብ ገና አልነበረም።

ከትምህርቱ በኋላ ያለው ሰዓት ግብዣ፣ ከግብዣው የተረፈው ቴአትር ነው። ካቡኪ አዩ፣ የኖ ድራማ አዩ፣ የቤተ መንግሥቱን ጥንታዊ ሙዚቃ ሰሙ። ኤልሳ ከባሏ ጋር ከምትጋበዝበት ሌላ በሴቶች ማኅበራትም ትጠራ ነበር፤ ስጦታው፣ ሐሩ፣ አሻንጉሊቱ ሻንጣ አልችል አለ።

ከዚያ ሰሜን ወጡ። ዲሴምበር 3 ቀን ሰንዳይ ላይ ንግግር ተደርጎ፣ ጥድ በበቀለባቸው ትናንሽ ደሴቶች የታወቀው ማትሱሺማ ባሕር ዳርቻ ተጎበኘ። እዚያ አካባቢ ኢፔይ ኦካሞቶ የተባለ የጋዜጣ ካርቱኒስት ተቀላቀላቸውና እስከ ኒኮ ተራራ አብሯቸው ሄደ። ኦካሞቶ የሣለው አይንስታይን ፊቱ ሁሉ አፍንጫ ነው። ሊቁ ሥዕሉን አይቶ አልተቆጣም፤ አፍንጫው የሐሳብ ማጠራቀሚያ ጎተራ መሆኑን የሚገልጽ ቀልድ ከሥሩ ጽፎ ፈረመበት። በኒኮ የቶሾጉን መቅደስ ቅርጻ ቅርጽ፣ የኬጎንን ፏፏቴ፣ የቹዘንጂን ሐይቅ አዩ። ጋዜጠኛ ያልበዛበት ቦታ ስለነበር ይመስላል፣ የእነዚህ ቀናት ማስታወሻ ሰፋ ያለና ፈገግታ ያለበት ነው።

ስለ ኢምፔሪያል ሆቴል ሌላም ታሪክ አለ። እዚያ ባረፉባቸው ቀናት አንድ መልእክተኛ ወደ አይንስታይን ክፍል መልእክት ይዞ መጣ። ወይ ጉርሻ አልቀበልም ብሎ፣ ወይ በአይንስታይን ኪስ ዝርዝር ጠፍቶ፣ ብቻ ገንዘብ ሳይሰጠው ቀረ። በምትኩ በሆቴሉ ወረቀት ላይ በጀርመንኛ ሁለት ማስታወሻ ጽፎ ሰጠው። አንደኛው፣ ሰው በእርጋታና በልኩ ሲኖር እረፍት በሌለው የስኬት ሩጫ ከሚያገኘው የበለጠ ደስታ እንደሚያገኝ ይናገራል። ዕድለኛ ከሆንክ አንድ ቀን ከተራ ጉርሻ የተሻለ ዋጋ ያወጣል ብሎም ነግሮታል ይባላል። በኦክቶበር 2017 ወረቀቱ ኢየሩሳሌም ውስጥ ለጨረታ ቀረበ። ከ8,000 ዶላር እንደማይበልጥ ተገምቶ የነበረው 1.56 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ምክሩን ሲጽፍ የነበረው ሰው ግን በዚያው ሳምንት ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ሲሮጥ የሚውል ነበር።

ከዲሴምበር 8 ጀምሮ ሩጫው ወደ ምዕራብ ዞረ። ናጎያ፣ ኪዮቶ፣ ኦሳካ፣ ኮቤ፤ በየከተማው አንድ ንግግር፣ አንድ ግብዣ፣ አንድ ቤተ መቅደስ። ለሳይንስ ታሪክ ትልቁ ቀን የሆነው ግን ፕሮግራም ያልተያዘለት ነው። ዲሴምበር 14 ቀን በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች አቀባበል ላይ፣ ፈላስፋው ኪታሮ ኒሺዳ ባቀረበው ሐሳብ መሠረት አይንስታይን አንጻራዊነትን እንዴት እንደደረሰበት እንዲናገር ተጠየቀ። ጽሑፍ አልነበረውም። እንዲያው በቃሉ፣ በርን ከተማ ውስጥ ከወዳጁ ከሚሼል ቤሶ ጋር ያደረገውን ረጅም ክርክር፣ በማግሥቱ መልሱ ድንገት እንደበራለት፣ ከዚያ ባሉት አምስት ሳምንታት ልዩ አንጻራዊነትን እንደጨረሰ ተረከ። ቀጥሎ በፈጠራ መብት መሥሪያ ቤት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ከላይ የሚወድቅ ሰው የራሱ ክብደት እንደማይሰማው የመጣለትን ሐሳብ አወራ፤ የስበቱ ንድፈ ሐሳብ የተወለደው ከዚያ ነው። ኢሺዋራ እያስተረጎመ ማስታወሻ ያዘ፤ በ1923 «ካይዞ» ላይ አሳተመው። የጀርመንኛው ዋና ቃል የለም። ዛሬ የሳይንስ ታሪክ ሊቃውንት ስለዚያ ሐሳብ አወላለድ ሲከራከሩ የሚመዝዙት አንድ ትልቅ ማስረጃ እንግዲህ ይኸው የጃፓንኛ ማስታወሻ ነው። በላይፕሲክ ጉባኤ ያልተነገረው ኪዮቶ ላይ ተነገረ።

ፖለቲካው ግን እስከዚያ ተከትሏቸው መጥቷል። ጀርመን ውስጥ ጋዜጠኛው ማክሲሚሊያን ሐርደን፣ በተሰነዘረበት የግድያ ሙከራ ክስ ላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ አይንስታይን ሕይወቱን ፈርቶ ከአገር መውጣቱን ተናገረ። ቶኪዮ ያለው የጀርመን አምባሳደር ቪልሄልም ዞልፍ ዜናውን ሲያይ ጭንቅ ያዘው፤ የአይንስታይንን ጉብኝት ለአገሩ እንደ ትልቅ ድል ለበርሊን ሲዘግብ ነበርና። ማስተባበያ ቢለምነው አይንስታይን ዲሴምበር 20 ቀን በጥንቃቄ የተጻፈ መልስ ላከ። ወደ ጃፓን የመጣው ሩቅ ምሥራቅን ለማየት ጓጉቶ መሆኑን፣ ሆኖም ከራተናው ግድያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ከጀርመን መራቅን እንደወደደ ገለጸ። አልዋሸም፤ አምባሳደሩ የፈለገውንም አልሰጠም።

በዚያው ሰሞን የቤጂንግ ጉዞ ተበላሸ። የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ መሪ ጻይ ዩዋንፔይ አይንስታይን ከጃፓን መልስ ቤጂንግ ላይ እንዲያስተምር ጠብቀውት ነበር፤ ደብዳቤው ዘገየ፣ መልሱም ተሳሳተ፣ እንደማይመጣ የታወቀው ዘግይቶ ነው። በምትኩ ባልና ሚስቱ ናራ ላይ ሰው የማይፈሩትን አጋዘኖች፣ ሚያጂማ ላይ ባሕር ውስጥ የቆመውን ቀይ በር አዩ፤ አይንስታይን ሚሴን ተራራን ወጣ። ዲሴምበር 24 ቀን በፉኩኦካ የመጨረሻው የሕዝብ ንግግር ተደረገ፣ የመርከቡ ሐኪም የሚያኬ ቤትም ተጎበኘ። በማግሥቱ ሞጂ ወደብ ላይ ለገና በዓል ለተሰበሰቡ ልጆች ቫዮሊን ተጫወተ። ዲሴምበር 29 ቀን «ሐሩና ማሩ» ላይ ሲሳፈሩ ጃፓን ውስጥ 43 ቀን ቆይተዋል።

መርከቡ ላይ የሚያጨበጭብ ስለሌለ አይንስታይን ወደ ሥራው ተመለሰ። እንግሊዛዊው አርተር ኤዲንግተን ስበትንና የኤሌክትሮማግኔት ኃይልን በአንድ ለመግለጽ የጠቆመውን መንገድ ይዞ አዲስ ጽሑፍ ጻፈ፤ የተጻፈበት ቦታ «ሐሩና ማሩ»፣ ጊዜውም ጃንዩወሪ 1923 ተብሎ ተመዝግቧል። መርከቡ ሻንግሃይን፣ ሆንግ ኮንግን፣ ሲንጋፖርን፣ ኮሎምቦን መልሶ ሲያልፍ፣ አውሮፓ ላይ የፈረንሳይና የቤልጅየም ወታደሮች የጀርመንን የሩር ኢንዱስትሪ አካባቢ ያዙ።

ፌብሩወሪ 1 ቀን ፖርት ሰዒድ ወርደው በባቡር ወደ ፍልስጥኤም አቀኑ። በዚያ የቆዩት 12 ቀን ሲሆን አስተናጋጃቸው የእንግሊዙ ከፍተኛ ኮሚሽነር ሰር ኸርበርት ሳሙኤል ነበሩ። ማረፊያቸው በደብረ ዘይት ተራራ ላይ ያለው የአውጉስታ ቪክቶሪያ ሕንጻ ነው። ፌብሩወሪ 7 ቀን በስኮፐስ ተራራ፣ ለመክፈቻው ገና ሁለት ዓመት በቀረው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ስም የመጀመሪያውን ሳይንሳዊ ንግግር አደረገ። መግቢያውን በጭንቅ በተጠና ዕብራይስጥ ተናግሮ ወደ ፈረንሳይኛ ተሻገረ። ቴል አቪቭ የክብር ዜግነት ሰጠችው። ሐይፋ ላይ በቴክኒዮን የቴክኒክ ተቋም ግቢ የዘንባባ ችግኝ ተተከለ። በኢየሩሳሌም እንዲኖር የማያባብለው አልነበረም፤ ልቡ ቢፈቅድም አእምሮው እንዳልፈቀደ በማስታወሻው ላይ አሰፈረ። በምዕራቡ ግንብ ሥር የሚጸልዩትን አረጋውያን ግን በርኅራኄ አላያቸውም፤ አዲሶቹን ሠፈሮችና ወጣት ሠራተኞቻቸውን ነው የወደደው።

ከዚያ በፈረንሳይ ደቡብ በኩል ወደ ስፔን። ባርሴሎና ፌብሩወሪ 22 ቀን ሲገቡ፣ ሰዓቱን ለማንም ስላላሳወቁ ጣቢያ የወጣ ሰው እንዳልነበረና ሻንጣቸውን ይዘው ራምብላ መንገድ ላይ ወዳለ ርካሽ ማረፊያ እንደገቡ ይነገራል። ከቶኪዮ በኋላ እንዲህ ያለ መድረስ ሳያስደስታቸው አይቀርም። ጸጥታው ግን አልዘለቀም። የሠራተኛ ማኅበሩ መሪ አንኸል ፔስታኛ ዘንድ ሲሄድ ጋዜጦቹ አብዮተኛ ነኝ አለ ብለው ጻፉ፤ እሱ አስተባበለ። ማድሪድ ላይ ማርች 4 ቀን የሳይንስ አካዳሚው ንጉሥ አልፎንሶ 13ኛ በተገኙበት ተቀበለው፤ ማርች 8 ቀን የክብር ዶክትሬት ተሰጠው። አንዲት የማድሪድ የቼስትነት ፍሬ ሻጭ መኪናው ሲያልፍ የአውቶሞቢልን ፈልሳፊ እንዳወደሰች የሚነገረው ቀልድ እውነትም ይሁን ፈጠራ፣ የዚያን ሰሞን ዝና በደንብ ያሳያል።

በመካከሉ ማርች 6 ቀን ንግግር የሌለበት አንድ ቀን ተገኘ። ከፈላስፋው ሆሴ ኦርቴጋ ኢ ጋሴት ጋር ቶሌዶ ሄደው ጠባብ መንገዶቿን፣ ካቴድራሏን፣ በሳንቶ ቶሜ ቤተ ክርስቲያን ያለውን የኤል ግሬኮ የኦርጋስ ባላባት የቀብር ሥዕል አዩ። አይንስታይን ይህን ቀን በሕይወቱ ካያቸው ውብ ቀናት አንዱ አድርጎ መዘገበው። ሥዕሉ ካየው ሁሉ የጠለቀ ስሜት ካሳደሩበት ምስሎች አንዱ ሆነ።

ሳራጎሳ ላይ ሁለት ንግግር ተጨምሮ፣ በማርች ወር ሁለተኛ አጋማሽ በርሊን ገቡ። ሲነሡ በሺዎች ማርክ ይመነዘር የነበረው ዶላር ያን ጊዜ 20,000 ማርክ አልፏል፤ በኖቬምበር 4.2 ትሪሊዮን ደረሰ። በኤፕሪል ወር፣ በሴፕቴምበር 1922 አውስትራሊያ ዋላል ላይ የታየውን የፀሐይ ግርዶሽ ፎቶዎች የለካው አሜሪካዊው ዊሊያም ካምቤል ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ አይንስታይን ባለው ልክ እንደሚታጠፍ አስታወቀ። ባልና ሚስቱ ባሕር ላይ ሳሉ እነዚያ የመስታወት ፎቶዎች በመለካት ላይ ነበሩ። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1923 ደግሞ የካንቶ የመሬት መንቀጥቀጥና ያስከተለው እሳት ቶኪዮንና ዮኮሃማን አወደመ፤ ያረፉበት ኢምፔሪያል ሆቴል በይፋ ሊመረቅ የነበረው በዚያው ቀን ሲሆን ከቆሙት ሕንጻዎች አንዱ ሆነ።

የኖቤሉ ዕዳ ግን አልተከፈለም ነበር። ዲሴምበር 10 ቀን 1922 ሽልማቱን በስሙ የተቀበለው ስዊድን ያለው የጀርመን አምባሳደር ነው፤ ተሸላሚ ደግሞ ንግግር ማድረግ አለበት። ስለዚህ ጁላይ 11 ቀን 1923 አይንስታይን ጎተንበርግ ሄደ። ከተማዋ 300ኛ ዓመቷን ስታከብር የስካንዲኔቪያ የተፈጥሮ ሳይንስ ተመራማሪዎች ጉባኤ ተሰብስቦ ነበርና፣ ንጉሥ ጉስታቭ 5ኛ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ወደ 2,000 ሰው በሞላው አዳራሽ ተናገረ። የተሸለመው በብርሃንና በኤሌክትሮን ሕግ ቢሆንም ንግግሩ ስለ አንጻራዊነት ነበር። ገንዘቡ በፍቺው ስምምነት መሠረት ወደ ሚሌቫ ማሪች ሄደ፤ እሷም ዙሪክ ውስጥ ቤት ገዛችበት።

በ1925 ከአርጀንቲና፣ ከኡራጓይና ከብራዚል ተመሳሳይ ጥሪ መጣ። አይንስታይን መርከብ ተሳፈረ፤ ኤልሳ ያን ጊዜ በርሊን ቀረች።